በሕንፃ የውሃ ፓምፕ ኢንቨርተር ላይ ጊዜያዊ የግፊት ማሳደጊያን የማዘጋጀት መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች የሚገኙ ሕንፃዎች፣ የመጣውን ውሃ በቅድሚያ ቤዝመንት ውስጥ በተሠራ ማጠራቀሚያ ወይም በሮቶ ይይዙና ከዚያ በፓምፕ ወደየቤቱ ይገፉታል። ፓምፑ በኢንቨርተር የሚነዳ ከሆነ፣ ኢንቨርተሩ ቧንቧው ላይ ከተገጠመ የግፊት ሴንሰር ምልክት እየተቀበለና የሞተሩን ፍጥነት ከፍ ዝቅ እያደረገ ግፊቱን በአንድ ቁጥር ላይ ያጸናል። ይህ አሠራር ለአብዛኛው የቀኑ ክፍል በቂ ነው። ጉድለቱ የሚታየው ነዋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቧንቧ በሚከፍትበት ሰዓት፣ በተለይም ጠዋት ጠዋት ነው፤ በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ ሳሙና ተቀብቶ ቆሞ ሳለ ውሃው ይቀጥንበታል።

ለዚህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ ግፊቱን በቋሚነት ከፍ ማድረግ ነው። እኔ ይህን አልመክርም። ለአንድና ለሁለት ሰዓት ጥድፊያ ሲባል ቧንቧው፣ መገጣጠሚያው፣ የሽንት ቤቱ ሲፎን እና የውሃ ማሞቂያው ቀኑንና ሌሊቱን ሙሉ ከፍ ያለ ግፊት ተሸክመው ይውላሉ፤ ቀድሞውንም በጥቂቱ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የበለጠ ያንጠባጥባል፤ ተለፍቶ የተጠራቀመው ውሃም ማንም ሳይጠቀምበት ይፈሳል። ተገቢው መንገድ የሕንፃው ጥበቃ ወይም የጥገና ሠራተኛ አንድ ቁልፍ ሲጫን ግፊቱ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ30 ደቂቃ፣ ከፍ ብሎ ከዚያ ማንም ሳይነካው ራሱ ወደ መደበኛው ቁጥር እንዲመለስ ማድረግ ነው። ከዚህ አሠራር ውስጥ ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መጀመሪያው ሳይሆን መመለሱ ስለሆነ፣ በሚከተሉት ደረጃዎች ውስጥ በመመለሱ ላይ ደጋግሜ እመጣበታለሁ።

ለምሳሌ የወሰድኩት የኤቢቢን ኤሲኤስ550 ኢንቨርተር ነው። ምክንያቱም ይህ ዕቃ በውስጡ «ቡስተር» የሚባል የጊዜ ቆጣሪ ስላለውና ሥራውን ያለ ተጨማሪ መሣሪያ ለመሥራት ስለሚያስችል ነው። በሌላ ኢንቨርተር የሚሠራ ሰው የፓራሜትር (ኢንቨርተሩ ውስጥ የሚሞላ ቅንብር) ቁጥሮቹ ይለዩበታል እንጂ የሥራው ቅደም ተከተል ያው ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች

«ቡስት» የሚለው ቃል በኢንቨርተር መመሪያዎች ውስጥ ቢያንስ ሦስት ትርጉም ስላለው፣ አንዱን ፈልጎ ሌላውን መንካት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። የመጀመሪያው የጉልበት ማሳደጊያ፣ ማለትም ቶርክ ቡስት የሚባለው ነው። ይህ ሞተሩ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ (በኸርዝ የሚለካና የሞተሩን ፍጥነት የሚወስን የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ) ሲነሣ በጥቅልሉ ሽቦ ላይ የሚጠፋውን ቮልቴጅ ለማካካስ ተጨማሪ ቮልቴጅ ይሰጣል፤ በኤሲኤስ550 ላይ በፓራሜትር 2603 ይስተካከላል። የተለመደው የሴንትሪፉጋል ፓምፕ በዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ጭነቱ ትንሽ ስለሆነ ይህን ብዙም አይፈልግም፤ ያለ አግባብ ከፍ ከተደረገ ደግሞ ሞተሩን ከማሞቅ በቀር የውሃ ግፊት አይጨምርም። ሁለተኛው ፓምፑ ወደ እንቅልፍ ከመግባቱ በፊት ግፊቱን ጥቂት ከፍ አድርጎ የሚያቆመው አሠራር ሲሆን፣ ዓላማው ፓምፑ ቶሎ ቶሎ እንዳይነሣ ማድረግ ነው፤ በዳንፎስ ቪኤልቲ አኳ ኤፍሲ 202 ላይ በፓራሜትር 22-45 እና 22-46 የሚገኘው ይኸው ነው። ሦስተኛው በሰው ትእዛዝ ተጀምሮ በሰዓት ቆጣሪ የሚያበቃው ጊዜያዊ ማሳደጊያ ነው። የዚህ መመሪያ ጉዳይ ሦስተኛው ብቻ ነው።

ኢንቨርተሩ ከመነካቱ በፊት የሚሠራ ስሌት

ስንት ባር (የግፊት መለኪያ) መጨመር እንዳለበት በግምት መወሰን አይገባም። ምሳሌያችን ጂ+7 ሕንፃ ይሁን፤ ፓምፑ ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ የአንዱ ወለል ከፍታ 3 ሜትር ነው። የ7ኛው ፎቅ የገላ መታጠቢያ ራስ ከፓምፑ 26 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ውሃን 10 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት 1 ባር ገደማ ስለሚያስፈልግ፣ ከፍታው ብቻውን 2.6 ባር ይበላል። መደበኛው ግፊት 3.5 ባር ከሆነና በጥድፊያ ሰዓት በቧንቧው መፋተግ 0.4 ባር ከጠፋ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ የሚደርሰው 0.5 ባር ብቻ ነው። የታለመውን ግፊት ወደ 4.5 ባር ስናሳድገው በዚያው ቦታ 1.5 ባር ይገኛል። ከአንድ ቧንቧ የሚወጣው ውሃ ከግፊቱ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ፣ ላይኛው ፎቅ በስሌት 70 ከመቶ ያህል ተጨማሪ ውሃ ያገኛል፤ ምድር ላይ ያለው ቤት ግን የሚጨምርለት 15 ከመቶ ገደማ ነው። ብዙ ውሃ ሲሄድ የቧንቧው መፋተግም ስለሚጨምር በተግባር የሚገኘው ከዚህ ያንሳል፤ ሆኖም አንዲት ባር የምትጠቅመው ከሁሉ ይልቅ ለላይኛው ፎቅ መሆኗን ስሌቱ በግልጽ ያሳያል።

የላይኛውን ወሰን የሚወስኑት ደግሞ የታችኞቹ ወለሎች ናቸው። ማሳደጊያው እየሠራ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ሳለ ፓምፑ ያለበት ወለል ሙሉውን 4.5 ባር ይሸከማል። በቤት ውስጥ ዕቃዎች ላይ የሚያርፈው ግፊት ከ5 ባር እንዳያልፍ ማድረግ የተለመደ ጥንቃቄ ስለሆነ፣ ምርጫችን በዚህ ወሰን ውስጥ ነው። ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ለታችኞቹ ወለሎች የግፊት መቀነሻ ቫልቭ መግጠም ይቀድማል።

ቀጥሎ ፓምፑ ራሱ 4.5 ባር መስጠት መቻሉ ይፈተሻል። ከፓምፑ በኋላ ያለውን ዋናውን ጌት ቫልቭ ይዝጉና በፓምፑና በቫልቩ መካከል ባለው ጌጅ ላይ፣ በእጅ መቆጣጠሪያ በ40 ኸርዝ፣ ቀጥሎም በ50 ኸርዝ የሚታየውን ግፊት ይመዝግቡ። ቫልቩ ተዘግቶ የሚሠራ ፓምፕ በውስጡ ያለውን ውሃ ስለሚያሞቅ እያንዳንዱ ንባብ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። በምሳሌያችን በ40 ኸርዝ 3.5 ባር ተነቧል እንበል። ግፊት ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ በ50 ኸርዝ 5.5 ባር ገደማ መነበብ አለበት። ጌጁ ከዚህ በጣም ያነሰ ካሳየ የፓምፑ ኢምፔለር፣ ማለትም ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክንፍ፣ ተበልቷል ወይም በመምጠጫው በኩል አየር እየገባ ነው፤ ይህ ሳይጠገን ማሳደጊያ ማዘጋጀት የታመመን ፈረስ በጅራፍ እንደ ማስሮጥ ነው።

እዚህ ላይ ከብዙ ባለሙያዎች ጋር የማልስማማበትን አንድ ነጥብ ልግለጽ። ማሳደጊያ ሲባል ወዲያው ፍሪኩዌንሲውን ከ50 ኸርዝ በላይ የመልቀቅ ልማድ አለ። ፓምፕ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ኪዩብ ጋር ስለሚያድግ፣ 52 ኸርዝ 12 ከመቶ፣ 55 ኸርዝ ደግሞ 33 ከመቶ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። በሌላ በኩል ለ380 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በእያንዳንዱ ኸርዝ 7.6 ቮልት ማግኘት ሲኖርበት፣ ኢንቨርተሩ ከመስመሩ ቮልቴጅ በላይ መስጠት ስለማይችል ከ50 ኸርዝ በኋላ ፍጥነቱ ሲጨምር ቮልቴጁ ባለበት ይቆያል፤ የሞተሩ ጉልበት የሚቀንሰውም ፓምፑ የበለጠ ጉልበት በሚጠይቅበት በዚያው ቅጽበት ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ግፊት በ50 ኸርዝ ውስጥ የሚገኝ ከሆነ ፓራሜትር 2008 ላይ ያለው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ 50 ሆኖ ይቆይ። የምናሳድገው የታለመውን ግፊት ነው፤ የፍጥነቱን ጣሪያ አንነካም።

ደረጃ 1፦ ያለውን መመዝገብ

ማንኛውም ቁጥር ከመቀየሩ በፊት በኮንትሮል ፓነሉ የመጠባበቂያ ቅጂ ሜኑ አማካኝነት ሁሉም ፓራሜትሮች ወደ ፓነሉ ይገልበጡ። ከዚያ የሞተሩን የስም ሰሌዳ ከፓራሜትር 9905 እስከ 9909 ካሉት ቁጥሮች ጋር ያስተያዩ፤ በተለይ በ9906 የገባው አምፔር ከሰሌዳው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ እንዳይሞቅ የሚጠብቀው ስሌት የሚመሠረተው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ሞተር ተቃጥሎ በሌላ ሲተካ ይህን ቁጥር የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ደረጃ 2፦ ቁልፉን ማገናኘት

ብሬከሩን ያጥፉ፣ ሌላ ሰው እንዳይመልሰው ይቆልፉት፣ ከዚያ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። በ380 ቮልት የሚሠራ ኢንቨርተር ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከ500 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚይዙ፣ ከአምስቱ ደቂቃ በኋላም ቢሆን በመለኪያ ሳይረጋገጥ ክዳን ተከፍቶ እጅ አይገባም።

የሚገጠመው ቁልፍ ሲለቀቅ ራሱ የሚመለስ ፑሽ በተን መሆን አለበት፤ ተጭኖ የሚቀር ማብሪያ ማጥፊያ ፈጽሞ አይገጠም። ምክንያቱ በኤሲኤስ550 ላይ የቡስተሩ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ቁልፉ ሲጫን ሳይሆን ሲለቀቅ መሆኑ ነው። ተጭኖ የቀረ ቁልፍ ማለት የማያበቃ ማሳደጊያ ማለት ነው። በአንድ ሕንፃ ላይ ተራ የመብራት ማብሪያ ተገጥሞ፣ ጊዜያዊ የተባለው ማሳደጊያ ለወራት ሳይጠፋ ቆይቶ አይቻለሁ፤ የተገኘውም ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሲፎን ቱቦ ፈንድቶ ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ነው።

ከቁልፉ አንዱ ሽቦ ወደ ተርሚናል 10፣ ማለትም ኢንቨርተሩ ራሱ ወደሚሰጠው የ24 ቮልት መውጫ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ተርሚናል 16፣ ማለትም የማብሪያ ምልክት ወደሚቀበለው ዲጂታል ኢንፑት 4 ይገባል። ተርሚናል 11 እና 12 በአጭር ሽቦ መገናኘታቸውን ያረጋግጡ፤ ይህች ሽቦ ከሌለች ቁልፉ ቢጫንም ኢንፑቱ አይሰማም። ኢንፑት 4 ቀድሞ ለሌላ ሥራ ተመድቦ እንደሆነ በፓራሜትር 1102፣ 1201 እና 1601 ላይ ይፈትሹ፤ ከተያዘ ሌላ ነጻ ኢንፑት ይምረጡ። ቁልፉ ከኢንቨርተሩ ርቆ፣ ለምሳሌ በጥበቃ ቤት፣ የሚቀመጥ ከሆነ ሽቦው ከሞተሩ ኬብል ጋር በአንድ ቱቦ እንዳይሄድ ይደረግ፤ የሞተር ኬብል የሚፈጥረው ረብሻ ቁልፉ ሳይነካ የተነካ ሊያስመስል ይችላል።

ደረጃ 3፦ የኢንቨርተሩን ሰዓት ማስተካከል

የኤሲኤስ550 የጊዜ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ሰዓት ያለው ባለ ሙሉ ጽሑፍ ፓነል፣ ማለትም አሲስታንት ፓነል የሚባለው፣ ኢንቨርተሩ ላይ ተሰክቶ ሲገኝና ሰዓቱ ሲሞላ ብቻ ነው። በትንሹ ፓነል አይሠሩም። አሲስታንት ፓነሉን ነቅለው ለሌላ ቦታ የሚወስዱ ሠራተኞች ካሉ ማሳደጊያውንም አብረው እንደሚወስዱት ይነገራቸው።

ሰዓቱ የሚሞላው ቀኑ ከእኩለ ሌሊት በሚጀምርበት አቆጣጠር ነው። በእኛ ሰዓት ንጋት 12 ሰዓት የሆነው በፓነሉ 06:00 ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት 07:00፣ ማታ 1 ሰዓት ደግሞ 19:00 ነው። ለ30 ደቂቃው ቆጠራ ይህ ልዩነት የለውም፤ ኋላ ላይ የጠዋት ፕሮግራም ለሚጨምር ሰው ግን የስድስት ሰዓት ስሕተት ማለት ማሳደጊያው ሕዝብ ሁሉ ሥራ ከሄደ በኋላ እኩለ ቀን ላይ ይነሣል ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ቡስተሩን መሙላት

ፓራሜትር 3601 ላይ የጊዜ ቆጣሪዎቹ እንዲሠሩ ይፍቀዱ። በ3622 የቡስተሩ ምልክት ከዲጂታል ኢንፑት 4 እንዲመጣ ይምረጡ። በ3623 ጊዜውን 00:30:00 ብለው ያስገቡ። በ3626፣ ማለትም የመጀመሪያውን የጊዜ ተግባር ምንጭ በሚወስነው ፓራሜትር ላይ፣ ቡስተርን ይምረጡ። ከዚህ በኋላ ቁልፉ ተጭኖ ሲለቀቅ የመጀመሪያው የጊዜ ተግባር ለ30 ደቂቃ ይነሣል፣ ከዚያ ይወድቃል። እስካሁን ግን ከዚህ ምልክት ጋር የተገናኘ ሥራ ስለሌለ ፓምፑ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም።

ጊዜውን ስለመምረጥ፦ በእኔ አስተያየት ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ያለው ይበቃል። ጥድፊያው ከቀጠለ ሰው ድጋሚ መጫን ይችላል፤ ሲለቀቅም ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ሦስትና አራት ሰዓት መሙላት ግን ማሳደጊያውን ወደ ቋሚ ግፊት መመለስ ነው።

ደረጃ 5፦ ሁለተኛውን የፒአይዲ ስብስብ ማዘጋጀት

ኤሲኤስ550 ፒአይዲ ለሚባለው የግፊት መቆጣጠሪያው ሁለት የተለያዩ የፓራሜትር ስብስቦች አሉት፤ የመጀመሪያው ከ4001፣ ሁለተኛው ከ4101 ይጀምራል። ሐሳቡ በመደበኛው ጊዜ የመጀመሪያው ስብስብ በ3.5 ባር እንዲሠራ፣ ቡስተሩ ሲነሣ ደግሞ ሁለተኛው ስብስብ በ4.5 ባር እንዲተካው ነው። ይህን የሚወስነው ፓራሜትር 4027 ሲሆን፣ እዚህ ላይ የመጀመሪያው የጊዜ ተግባር ይመረጣል። ነገር ግን 4027 የመጨረሻ ሆኖ ይሞላ፤ ሁለተኛው ስብስብ ሳይዘጋጅ ከተሞላ ቁልፉን የነካ የመጀመሪያው ሰው ፓምፑን ወዳልታወቀ ቁጥር ይልከዋል።

አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ሁለተኛው ስብስብ ሲነሣ የሚለወጠው የታለመው ግፊት ብቻ አይደለም፤ ጌይኑና የኢንተግሬሽን ጊዜው (መቆጣጠሪያው ለግፊት ልዩነት ምን ያህል በኃይልና በፍጥነት እንደሚመልስ የሚወስኑት)፣ የመለኪያ አሐዱ፣ የሴንሰሩ መግቢያና የእንቅልፍ ቁጥሮቹ በሙሉ ይለወጣሉ። ከፋብሪካ እንደመጣ የተተወ ሁለተኛ ስብስብ ሴንሰሩን ከሌላ ኢንፑት ሊጠብቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፓምፑ ግፊቱን እንዳላየ ሆኖ ይሮጣል ወይም ይቆማል። ስለዚህ ከ4001 እስከ 4026 ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ በወረቀት ይጻፉና ከ4101 እስከ 4126 ባሉት ላይ እንዳሉ ይገልብጡ። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያ ሁለቱን ይለውጡ፦ በ4110 የታለመው ግፊት ከኢንቨርተሩ ውስጥ እንዲመጣ ይምረጡ፣ በ4111 ደግሞ 4.5 ባር ያስገቡ።

የታለመው ግፊት በድንገት 1 ባር ሲጨምር መቆጣጠሪያው ተደናግጦ ፓምፑን በኃይል እንዳያስነሣው፣ በሁለተኛው ስብስብ ውስጥ ያለውን የኢንተግሬሽን ጊዜ፣ ማለትም 4102ን፣ ከመጀመሪያው እጥፍ ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። ግፊቱ በሰከንዶች ውስጥ መድረስ የለበትም፤ አንድ ደቂቃ ቢወስድ ማንም አይጎዳም፤ ቧንቧው ግን ከድንገተኛ የውሃ ምት ይድናል።

ደረጃ 6፦ የእንቅልፍ ቁጥሩን ማስተካከል

ሁሉም ቧንቧ ሲዘጋ ፓምፑ ራሱን እንዲያቆም የሚያደርገው የእንቅልፍ አሠራር፣ ውሃ እየተወሰደ አለመሆኑን የሚያውቀው ፍሪኩዌንሲው ከተወሰነ ቁጥር በታች ሲወርድ ነው። በምሳሌያችን ፓምፑ ውሃ ሳያወጣ 3.5 ባር የሚይዘው በ40 ኸርዝ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ስብስብ የእንቅልፍ ቁጥር በ4023 ላይ 41 ኸርዝ ተደርጓል እንበል። ግፊቱ 4.5 ባር ሲሆን ግን ፓምፑ ውሃ ባያወጣም ግፊቱን ለመያዝ ብቻ 45.4 ኸርዝ ያስፈልገዋል፤ ስሌቱ 4.5 ለ3.5 ተካፍሎ፣ ስኩዌር ሩቱ በ40 ሲባዛ የሚገኘው ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ስብስብ ቁጥር 41 ሆኖ ከተተወ ፍሪኩዌንሲው መቼም ወደዚያ አይወርድም፤ ማሳደጊያው እስኪያበቃም ፓምፑ በተዘጋ ቧንቧ ላይ ሲሽከረከርና ውሃውን ሲያሞቅ ይቆያል። በ4123 ላይ 46.5 ኸርዝ ያስገቡ። የመንቂያው ልዩነት በ4125 ላይ 0.3 ባር ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ተኝቶ የነበረ ፓምፕ ቁልፉ ሲጫን የታለመው ግፊት በአንዴ 1 ባር ስለሚርቅበት ያለ ችግር ይነቃል።

ከላይ ያሉት የኸርዝ ቁጥሮች የምሳሌው ፓምፕ ናቸው። የራስዎን ፓምፕ ቁጥር የሚያገኙት ከደረጃ 1 በፊት ከተጻፈው የተዘጋ ቫልቭ ፈተና ነው።

ደረጃ 7፦ ጥበቃዎቹ በማሳደጊያው እንዳይታለፉ ማረጋገጥ

የማጠራቀሚያው ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያቆመው ተንሳፋፊ ማብሪያ በፓራሜትር 1601 በኩል የመሮጥ ፈቃድን የሚቆርጥ ሆኖ መገናኘት አለበት። ያዘጋጀነው ማሳደጊያ የታለመውን ግፊት ብቻ የሚቀይር እንጂ የማስነሻ ትእዛዝ የማይሰጥ በመሆኑ፣ ውሃ በሌለበት ሰዓት ቁልፉ ቢጫንም ፓምፑ አይነሣም። ይህን መንገድ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው ጥበቃ የሴንሰሩ ነው። ከ0 እስከ 10 ባር የሚለካ የ4–20 ሚሊአምፔር ሴንሰር በ3.5 ባር 9.6፣ በ4.5 ባር 11.2 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ሽቦው ከተበጠሰ ምልክቱ ዜሮ ስለሚሆን መቆጣጠሪያው ግፊት የጠፋ መስሎት ፓምፑን እስከ 50 ኸርዝ ያስሮጠዋል። ይህ እንዳይሆን ሴንሰሩ በሁለተኛው አናሎግ ኢንፑት ከገባ በ1304 ዝቅተኛውን 20 ከመቶ፣ በ3022 የስሕተት ወሰኑን 15 ከመቶ ያድርጉና በ3001 ምልክቱ ሲጠፋ ኢንቨርተሩ በስሕተት እንዲቆም ይምረጡ። በዚህ ላይ፣ በ5.2 ባር የሚቆርጥ መካኒካል የግፊት ማብሪያ ከተንሳፋፊው ጋር በተከታታይ እንዲገጠም አጥብቄ እመክራለሁ። በፓራሜትር የተሠራ ጥበቃ ሌላ ሰው ፓራሜትሩን ሲቀይር አብሮ ይጠፋል፤ ቧንቧው ላይ የተገጠመው ግን ይቀራል።

ማሳደጊያው መሥራቱን የሚያሳይ መብራት ቁልፉ አጠገብ ቢኖር መልካም ነው። በ1401 የመጀመሪያው ሪሌ (ኢንቨርተሩ ራሱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ማብሪያ) ከመጀመሪያው የጊዜ ተግባር ጋር እንዲነሣ ይመርጡና መብራቱን በሪሌው በኩል ያገናኙ። መብራት በሌለበት ቦታ ሰው መሥራቱን ስለማያውቅ ደጋግሞ ይጫናል።

ደረጃ 8፦ ሙከራ

ሁለተኛው ስብስብ ስለተዘጋጀ አሁን በ4027 የመጀመሪያውን የጊዜ ተግባር ይምረጡ። ለሙከራው ጊዜ በ3623 ያለውን 30 ደቂቃ ወደ 2 ደቂቃ ያውርዱት፤ አለዚያ እያንዳንዱ ፈተና ግማሽ ሰዓት ይበላል። ፓነሉ ላይ የታለመውን ግፊት በ0128፣ የተለካውን ግፊት በ0130 እና አምፔሩን በ0104 እንዲያሳይ ያድርጉ። አንድ ሰው ላይኛው ፎቅ ላይ ሁለት ቧንቧ ከፍቶ ይቁም።

ቁልፉን ተጭነው ይልቀቁ። የታለመው ግፊት ወዲያው ከ3.5 ወደ 4.5 መዝለል፣ የተለካው ደግሞ ቀስ ብሎ መከተል አለበት። በዚህ ጊዜ አምፔሩን ይመዝግቡ፤ ያው መጠን ውሃ በ4.5 ባር ሲወጣ የውሃው ኃይል በ29 ከመቶ ገደማ ስለሚጨምር አምፔሩ ማደጉ አይቀርም፤ ከሞተሩ ሰሌዳ ግን ማለፍ የለበትም። ሁለቱ ደቂቃ ሲያልቁ የታለመው ግፊት ወደ 3.5 ይመለሳል። ከዚያ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው ይድገሙት፤ ፓምፑ ግፊቱን አድርሶ መተኛት አለበት። ካልተኛ ወደ ደረጃ 6 ይመለሱ። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ማሳደጊያው ሲያበቃ የታለመው ወደ 3.5 ቢወርድም ጌጁ 4.5 ላይ ቆሞ ሊቆይ ይችላል። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርገው ቼክ ቫልቭ ውሃውን ስለሚይዘው ነው፤ አንድ ቧንቧ ሲከፈት ይወርዳል፤ ብልሽት አይደለም።

በመጨረሻ ማሳደጊያው በመሥራት ላይ ሳለ ብሬከሩን አጥፍተው መልሰው ያብሩ። መብራት በሚጠፋበትና ጀነሬተር በሚነሣበት ሕንፃ ይህ በተደጋጋሚ የሚደርስ ነገር ስለሆነ፣ ኃይል ሲመለስ ፓምፑ በየትኛው ግፊት እንደሚነሣ በዓይን ታይቶ በመዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ሙከራዎቹ ሁሉ ካለፉ በኋላ 3623ን ወደ 30 ደቂቃ ይመልሱና ፓራሜትሮቹን በ1602 ይቆልፉ።

ያለ ሰው ትእዛዝ የሚነሣ የጠዋት ፕሮግራም

የጥድፊያው ሰዓት በየቀኑ አንድ ከሆነ ቁልፉን የሚጫን ሰው መጠበቅ አያስፈልግም። ለጠዋት 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት በ3602 ላይ 06:00:00፣ በ3603 ላይ 08:00:00 ያስገቡ፤ በ3604 ሰኞን፣ በ3605 ቅዳሜን ይምረጡ። ከዚያ በ3626 ላይ ቡስተር ብቻ የነበረውን የመጀመሪያው የጊዜ ክፍልና ቡስተር በአንድነት ወደሚለው ይቀይሩት። ቁልፉም እንደ ቀድሞው ይሠራል።

አሲስታንት ፓነል ወይም ቡስተር በሌለበት

ኢንቨርተሩ የጊዜ ቆጣሪ ከሌለው ወይም ትንሹ ፓነል ብቻ ካለ፣ ሲለቀቅ ዘግይቶ የሚጠፋ ታይመር ሪሌ ከቁልፉና ከኢንቨርተሩ መካከል ይገጠማል። የሪሌው ኮንታክት ወደ ዲጂታል ኢንፑቱ ይገባል፤ 4027 ላይም በጊዜ ተግባሩ ፋንታ ያው ኢንፑት ይመረጣል። ሌላው ሁሉ ከደረጃ 5 ጀምሮ አንድ ነው። ለሪሌው የሚመረጠው ቮልቴጅ ከሚገኘው ምንጭ ጋር መስማማቱ ይታይ፤ የኢንቨርተሩ የ24 ቮልት መውጫ ለኢንፑቶቹና ለጥቂት ትንንሽ ዕቃዎች እንጂ ለመብራትና ለኮንታክተር የተሠራ አይደለም።

ሥራው ሲያልቅ የሁለቱ ስብስቦች ቁጥሮች፣ የተዘጋ ቫልቭ ፈተናው ንባብ፣ በ3.5 እና በ4.5 ባር የተመዘገበው አምፔርና የተሠራበት ቀን በአንድ ወረቀት ተጽፈው በፓነል ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፉ፤ ቁልፉ አጠገብም «ተጭነው ይልቀቁ፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ራሱ ይመለሳል» የሚል ጽሑፍ ይቀመጥ።